ሁይ በመታወቂያ፣ ሁይ በመስጊድ

በቻይንኛ «ሁይ» የሚለው ፊደል ትልቅ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ሳጥን ነው የሚመስለው። በቃ፣ ሌላ ጌጥ የለውም። ትርጉሙ «መመለስ» ነው። ይኸው ፊደል ግን ቻይና ውስጥ የሚኖር የአንድ ሙስሊም ሕዝብ ስምም ነው፣ የአንድ ፖለቲከኛ የቤተሰብ ስምም ነው።

ፖለቲከኛው ሁይ ሊያንግዩ ይባላሉ። የቤተሰብ ስማቸው ሁይ፣ ብሔራቸውም ሁይ። ቻይና ውስጥ የቤተሰብ ስም ከፊት ስለሚመጣ፣ ስብሰባ ላይ በተጠሩ ቁጥር ብሔራቸውም አብሮ ይጠራል። እኛ ጋ «አቶ ስልጤ» የሚባል ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር እንደማግኘት ቁጠሩት። ደግሞም ሰውየው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ከ2003 እስከ 2013 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከ2002 እስከ 2012 ደግሞ የኮሚኒስት ፓርቲው ፖሊት ቢሮ አባል ነበሩ። ፖሊት ቢሮ ማለት ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ሰው ብቻ ተቀምጦ ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ጉዳይ የሚወስንበት ጠረጴዛ ነው።

እሳቸው ከተነሱ በኋላ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሃን፣ ማለትም ከቻይና ብዙኃን ብሔር፣ ውጭ የሆነ ሰው አልተቀመጠም። በ2012፣ በ2017፣ በ2022 ሦስት የፓርቲ ጉባኤ አለፈ። አንድም የለም። 55 አናሳ ብሔረሰቦችን በይፋ የምታውቅ አገር ናት እንግዲህ።

ሁይ ሊያንግዩ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ዜናም አይደሉም። እኔን ወደሳቸው የመለሰኝ የመስጊድ ጉልላት ነው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ከቻይና የሚወጡት ፎቶዎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ በፊት አረንጓዴ ጉልላት የነበረው መስጊድ በኋላ የቻይና ጣራ ደፍቶ ይታያል። ብዙዎቹ በምዕራብ ቻይና፣ ሺንጂያንግ የሚኖሩት የኡይጉር ሙስሊሞች መስጊዶች አይደሉም። የሁይ ናቸው። ቻይናውያን «ጥሩዎቹ ሙስሊሞች» እያሉ ሲያሞግሷቸው የኖሩት ሁይ። ታዲያ ሁይ ሆኖ ፖሊት ቢሮ መግባት የሚቻልበት አገር፣ የሁይን ጉልላት ለምን ያወርዳል? መልሱ ያለው፣ በእኔ እይታ፣ መንግሥት «ሁይ» ሲል የትኛውን ሁይ ማለቱ ነው የሚለው ላይ ነው። የመታወቂያውን ነው ወይስ የመስጊዱን?

ጓንግዡ ዕቃ ለማምጣት የተመላለሰ ነጋዴ «ሁይ» የሚለውን ስም ላያውቀው ይችላል። ሰዎቹን ግን ያውቃቸዋል፤ በልቶባቸዋል። ጠባብ መንገድ ዳር «የላንዡ ኑድል» የሚል ታፔላ የሰቀለችውን ቤት አስቡ። ነጭ ቆብ ያደረገ ልጅ ሊጡን ጠረጴዛው ላይ ጧ ያደርገዋል፣ በሁለት እጁ ይስበዋል፣ ያጥፈዋል፣ ደግሞ ይስበዋል። ሰባት ጊዜ ሲያጥፈው አንዱ ሊጥ 128 ክር ሆኗል፤ ሒሳቡን ራሳችሁ ስሩት። ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ ወርወር፣ የበሬ ሥጋ መረቅ፣ ጥብስ ቅጠል፣ በርበሬ በዘይት፣ አበቃ። የላንዡ ይባል እንጂ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የላንዡ ሰው አይደለም፤ ከጎረቤት ክፍለ ሀገር ከቺንግሃይ፣ ሁዋሎንግ ከምትባል ደሃ ወረዳ ዘመድ ዘመዱን እየጠራ የመጣ ነው። ሱቁ ላይ «ቺንግዠን» የሚሉ ሁለት የቻይንኛ ፊደላት ተጽፈዋል። ቃል በቃል «ንጹሕና እውነተኛ» ማለት ነው፤ ሐላል ለማለት ነው። «የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ» እየተባለ ላደገ ሰው ይኼን ማብራራት ድካም ነው። ምግብ ድንበር ነው፣ ያውቀዋል።

ደግሞ ድንበሩ ምግቡ ላይ ባይኖር የት እንደሚኖር ለማየት ያስቸግራል። ሁይ የራሱ ቋንቋ የለውም። ቤጂንግ ያለው የቤጂንግ ቻይንኛ፣ ዩናን ያለው የዩናን ቻይንኛ ይናገራል። መልኩ ከሃን ጎረቤቱ አይለይም። በ2020 ቆጠራ ቁጥራቸው 11.38 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ኒንግሺያ በምትባለው የሁይ ራስ ገዝ ክልል የሚኖሩት ግን ሩብ እንኳ አይሞሉም። የቀሩት በየክፍለ ሀገሩ ተበትነዋል። እዚያው ኒንግሺያ ውስጥም ቢሆን አንድ ሦስተኛ ገደማ ናቸው፤ ክልሉ በስማቸው ይጠራል እንጂ ብዙኃኑ ሃን ነው።

አመጣጣቸው የንግድና የጦርነት ታሪክ ነው። በታንግ ዘመን የዓረብና የፋርስ ነጋዴዎች በመርከብ ጓንግዡና ቿንዡ መጡ፣ ሚስት አገቡ፣ ቀሩ። የቿንዡው የድንጋይ መስጊድ በ1009 የተሠራ ነው። ከዚያ ሞንጎሎች ቻይናን ሲይዙ ከመካከለኛው እስያ ወታደር፣ የእጅ ባለሙያ፣ ግብር ሰብሳቢ ይዘው መጡ። ከቡኻራ የመጡት ሰይድ አጀል በ1274 የዩናን አስተዳዳሪ ተደርገው ተሾሙ። እንግዲህ «የሁይ ፖለቲከኛ» ካልን የመጀመሪያው ትልቅ ስም እሳቸው ናቸው፤ ሁይ የሚባል ብሔር ገና ሳይኖር።

ሚንግ የሚባለው ሥርወ መንግሥት ሲመጣ የውጭ ሰው የሚመስል ነገር ሁሉ ተጠላ። የውጭ ልብስ፣ የውጭ ስም ቀረ። መሐመድ የነበረው «ማ» ሆነ፤ ማ ደግሞ በቻይንኛ ፈረስ ማለት ነው። ናስረዲን የሚለውን ስም ደግሞ ልጆቹ ቆራርሰው ተካፈሉት ይባላል፦ አንዱ ና፣ አንዱ ሱ፣ አንዱ ላ፣ አንዱ ዲንግ። ተረት ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ አራት ስሞች ያሏቸው የሁይ ቤተሰቦች ግን ዛሬም አሉ። ከእነዚሁ የማ ልጆች አንዱ በ1371 ዩናን ተወለደ፣ በልጅነቱ በጦርነት ተማረከ፣ ተሰለበ፣ ቤተ መንግሥት አደገ፣ ዤንግ ሄ ተባለ። ከ1405 እስከ 1433 ሰባት ጊዜ በተላኩት ግዙፍ መርከቦች መሪ የነበረው እሱ ነው፤ መርከቦቹ ሞቃዲሾና ማሊንዲ፣ ማለትም ደጃፋችን ድረስ መጥተዋል። ዛሬ የቻይና ባለሥልጣን አፍሪካ መጥቶ ስለ ጥንታዊ ወዳጅነት ንግግር ሲያደርግ የዤንግ ሄን ስም ማንሳት ይወዳል። ሙስሊምነቱን ግን ብዙም አያነሳም።

አሁን ወደ ፖለቲካው እንግባ። የእኛ አንባቢ ከብዙው ዓለም የተሻለ የሚገባው ነገር እዚህ ጋ አለ።

ስታሊን በ1913 «ብሔር» ምን እንደሆነ ሲጽፍ መስፈርት አስቀመጠ፦ የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ መልክዐ ምድር፣ የጋራ ኢኮኖሚያዊ ኑሮ፣ በባህል የሚገለጽ የጋራ ሥነ ልቦና። በተማሪው ንቅናቄ ዘመን ይኼን ያልሸመደደ አልነበረም፤ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 39 «የሥነ ልቦና አንድነት» ሲልም የዚያ ሽታ ነው። የቻይና ኮሚኒስቶችም ያንኑ መጽሐፍ ነው ያነበቡት። ሁይን በዚህ መስፈርት ብትፈትነው ይወድቃል። ቋንቋ የለም፣ አንድ ላይ የተያያዘ መሬት የለም፣ ኢኮኖሚውም ከጎረቤት የተለየ አይደለም። የቀረው ሥነ ልቦናውና ባህሉ ነው፤ እሱም ሲገለጥ እስልምና ነው።

ከኮሚኒስቶቹ በፊት ቻይናን ይገዙ የነበሩት ብሔርተኞች፣ ማለትም የኮሚንታንግ ሰዎች፣ በዚህ ምክንያት «ሁይ የሚባል ብሔር የለም፣ እስልምናን የተቀበለ ቻይናዊ ነው ያለው» ወደሚለው አደሉ። የሚገርመው የራሳቸው ትልቅ ጄኔራል ባይ ቾንግሺ ሁይ ነበሩ፤ እሳቸውም የሚያራምዱት ይህንኑ ነበር። ኮሚኒስቶቹ ግን ሌላ ስሌት ነበራቸው። በ1936 ከረዥሙ ጉዞ ተርፈው ሰሜን ምዕራብ ሲደርሱ የከበቧቸው የሁይ ገበሬዎችና የሁይ የጦር አበጋዞች ነበሩ። ስለዚህ ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ቶንግሺን በምትባል ከተማ፣ በትልቁ መስጊድ ውስጥ፣ የመጀመሪያውን የሁይ ራስ ገዝ አስተዳደር አወጁ። መስጊድ ውስጥ! ኮሚኒስቶች! ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የቆየው፤ ግን ቃል ተገባ። በ1941 መናኸሪያቸው በነበረችው ያናን ላይ ሁይ ብሔር ነው ብለው በመጽሐፍ አወጡ፤ ሥልጣን ሲይዙም አጸደቁት። ኒንግሺያ በ1958 ራስ ገዝ ክልል ሆነች።

ጎረቤታችን ኤርትራ ውስጥ የጀበርቲ ጥያቄ ይኸው ነው። ትግርኛ የሚናገሩ ሙስሊሞች ራሳችንን የቻልን ብሔር ነን ሲሉ መንግሥት «ቋንቋችሁ ትግርኛ ነው፣ ትግርኛ ናችሁ» አላቸው። አስመራ የኮሚንታንግን መልስ ሰጠች፣ ቤጂንግ ተቃራኒውን። የትኛው ትክክል ነው የሚለው ለሌላ ቀን ይቆየን። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ቤጂንግ ሃይማኖትን ወስዳ ብሔር አደረገችው። ብሔር ሲሆን ደግሞ ከሃይማኖቱ ሊነጠል ይችላል።

እንዴት እንደሚነጠል ማየት የሚፈልግ ፉጂያን ክፍለ ሀገር፣ ቼንዳይ ይሂድ። ዛሬ የስፖርት ጫማ የሚፈበረክባት ከተማ ናት። ዲንግ የሚባሉ ብዙ ሺህ ሰዎች ይኖሩባታል፤ የቿንዡ ሙስሊም ነጋዴዎች ዘሮች ናቸው። እስልምናውን ከተዉት መቶ ዓመታት አልፏል። አሳማ ይበላሉ፣ ለአያቶቻቸው ዕጣን ያጨሳሉ። በ1979 መንግሥት መርምሮ «ሁይ ናችሁ» ብሎ መዘገባቸው፤ የዘር ሐረጉ መዝገብ አለ፣ የድሮ መቃብሩ አለ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፦ ለአያቶች መሥዋዕት ሲያቀርቡ ጠረጴዛው ላይ አሳማ አያደርጉም። ራሳቸው ይበሉታል፣ ለአያቶች አይሰጡም። ይኼን ሳነብ ትንሽ ደነገጥኩ፤ ሰው ምን ረስቶ ምን እንደሚያስታውስ።

መንግሥት የሚመቸው ሁይ የቼንዳዩ ነው። መዝገብ ያለው፣ በበዓል ቀን የሚጨፍር፣ ፋብሪካ የሚከፍት፣ ጁምዓ የማይሄድ።

ሁይ ሊያንግዩም በፓርቲው ሕግ እንደዚያ መሆን ነበረባቸው። የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሃይማኖት እንዲኖረው አይፈቀድም። እሳቸው ፓርቲውን የተቀላቀሉት በ1966 ነው፤ የባህል አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ መስጊድ መጋዘንና የአሳማ ማርቢያ በሚደረግበት ዘመን ዋዜማ። የልባቸውን ፈጣሪ ይወቀው። በአደባባይ ግን ሁይነታቸው በሕይወት ታሪካቸው ላይ የምትጻፍ አንዲት መስመር ናት፦ «ብሔር፦ ሁይ»።

የተወለዱት በ1944 ጂሊን ክፍለ ሀገር፣ ዩሹ ወረዳ ነው። የቀዝቃዛው ሰሜን ምሥራቅ አገር፤ በቆሎ ይበቅላል፣ ሁይ ጥቂት ነው። የግብርና ትምህርት ቤት ገቡ፣ ተመርቀው እዚያው ወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጠሩ። ከዚያ ደረጃ በደረጃ፦ የጂሊን ምክትል አስተዳዳሪ፣ ቤጂንግ የፓርቲው የፖሊሲ ጥናት ቢሮ፣ ሁቤይ፣ አንሁይ፣ ጂያንግሱ። መሃል ላይ አንድ ደማቅ ነገር የለም። ንግግር አድርገው ሕዝብ ያስለቀሱበት፣ ከአለቃ ተጣልተው የታሰሩበት ቀን የለም። የቢሮ ሰው ናቸው።

ግን አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፣ እሱን ካልያዝን ሰውየውን አንረዳቸውም። የቻይና ሕግ የራስ ገዝ ክልል ሊቀመንበር ከባለቤቱ ብሔር እንዲሆን ያስገድዳል። ኒንግሺያ ላይ ሊቀመንበሩ ሁይ ነው። የፓርቲው ጸሐፊ ግን፣ ማለትም ቁልፉ በእጁ ያለው ሰው፣ በአብዛኛው ሃን ነው። አንዱ ሪባን ይቆርጣል፣ አንዱ በጀት ይቆርጣል። (ይኼ የምታውቁት ዓይነት አደረጃጀት ከመሰላችሁ፣ እኔ ምንም አላልኩም።) ሁይ ሊያንግዩ ከዚህ አጥር ውጭ ነው ያደጉት። ኒንግሺያን አስተዳድረው አያውቁም። አንሁይን በፓርቲ ጸሐፊነት መሩ፤ ከዚያ ጂያንግሱን፣ ከቻይና ሀብታም ክፍለ ሀገሮች አንዱን፣ ሰባ ሚሊዮን የሚያህል ሃን የሚኖርበትን። ለብሔራቸው ኮታ የተቀመጠ ወንበር አልነበረም። በወንበሩ ላይ የተቀመጡት ብሔራቸው ጥያቄ ስላልሆነ ነው።

ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ የተሰጣቸው ሥራ ገበሬውና መከራው ነው። የግብርና ግብር በ2006 መባቻ ሲሰረዝ፣ ገበሬው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የከፈለው ግብር ማለት ነው፣ ዘርፉ በሳቸው ሥር ነበር። የወፍ ጉንፋን ሲመጣ የዘመቻው ኃላፊ እሳቸው። ጎርፍ፣ በረዶ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ የሄሊኮፕተሩ በር ሲከፈት የሚወርዱት እሳቸው። ሚያዝያ 2010 ቺንግሃይ ውስጥ የቲቤታውያን ምድር ተናውጣ ወደ 2,700 ሰው ሲሞት የነፍስ አድን ሥራውን እንዲመሩ ተላኩ። የቦታዋ ስም? ዩሹ። በድምፅ ከትውልድ ወረዳቸው ጋር አንድ ናት ማለት ይቻላል፤ በፊደልና በድምፅ ቅላጼ ነው የሚለያዩት። አንዷ «የባቄላ ዛፍ» ሌላዋ «የጤፍ ዛፍ» እንደማለት ነው ብዬ ልቀልድ ነበር፤ እውነቱ ግን አንዷ የአንድ የዛፍ ዓይነት ስም ናት፣ ሌላዋ የከበረ ድንጋይ ዛፍ ማለት ናት።

ሰውየውን ከሌላ የሁይ ፖለቲከኛ ጎን ሳቆማቸው ነው ነገሩ ይበልጥ የገባኝ። ዋንግ ዠንግዌይ ይባላሉ። በ1957 ነው የተወለዱት፤ የት? ቶንግሺን። አዎ፣ ያቺው ኮሚኒስቶች መስጊድ ውስጥ ራስ ገዝ ያወጁባት። እኚህኛው አጥሩ ውስጥ ነው ያደጉት፣ የኒንግሺያ ሰው ናቸው። ከ2007 እስከ 2013 የክልሉ ሊቀመንበር ነበሩ፤ በሳቸው ዘመን ኒንግሺያ «ከዓረቡ ዓለም ጋር መገናኛችን» የሚል ማዕረግ አገኘች። ከ2010 ጀምሮ የቻይናና የዓረብ አገሮች የንግድ መድረክ በክልሉ ዋና ከተማ በዪንችዋን ይካሄድ ጀመር። የመንገድ ምልክቶች በዓረብኛ ተጻፉ። ከከተማዋ አቅራቢያ ታጅ ማሃልን የሚመስል ነጭ ሕንጻ ያለበት የሁይ ባህል ፓርክ ተሠራ። በ2016 የዱባይ አውሮፕላን ሳይቀር ዪንችዋን ማረፍ ጀመረ። ይኼን ሁሉ ያደረገው መንግሥት ነው፤ ጉልላቱን እንደ ቱሪስት ማማለያ ያየው መንግሥት።

ዋንግ በ2013 ወደ ቤጂንግ ተጠርተው የብሔረሰቦች ጉዳይ ኮሚሽን ኃላፊ ሆኑ። ከዚያ ነፋሱ ዞረ። የሃን ብሔርተኞች ኢንተርኔት ላይ ዘመቱባቸው፦ «አገሩን ሐላል ሊያደርገው ነው» ተባለ። ለሐላል ምግብ አገር አቀፍ ሕግ ለማውጣት የተጀመረው ሥራ የዘመቻው ነዳጅ ሆነ፤ ሕጉም ተቀበረ። ሚያዝያ 2016 ሺ ጂንፒንግ ሃይማኖቶች «ቻይናዊ» መሆን አለባቸው ያሉበት ትልቅ ስብሰባ ተካሄደ። በዚያው ወር ዋንግ ከኮሚሽኑ ተነሱ። ምክንያት አልተነገረም። የምክክር ጉባኤ ምክትል ሊቀመንበርነታቸው፣ የክብር ወንበሩ ማለት ነው፣ ቀረላቸው። በ2020 መጨረሻ ደግሞ ኮሚሽኑ ራሱ ሃን ኃላፊ ተሾመለት፤ ከ1954 ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ሁለቱን ሰዎች አወዳድሩ። አንዱ ሁይነቱን ስም ላይ ብቻ ተሸክሞ ጫፍ ደረሰ። ሌላው ሁይነት አንድ ሥራ ይሠራልናል ብሎ፣ መንግሥት ራሱ ባዘዘው ጊዜ፣ ገበያ አወጣው፤ ገበያው ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በዜና አይታችኋል። ዪንችዋን የዓረብኛ ምልክቶቿን አወረደች። አንድ ወንዝ «አዪ» ይባል ነበር፤ ስሙ የዓረብ ይመስላል ተብሎ ተቀየረ። ነሐሴ 2018 ቶንግሺን ወረዳ ውስጥ (አሁንም ቶንግሺን!) ዌይዡ የምትባለው ከተማ አዲሱ ትልቅ መስጊድ ፈቃድ የለውም፣ ይፈርሳል ሲባል ሕዝቡ ወጥቶ ግቢውን ሞላው። ለቀናት ቆሙ። መንግሥት ማፍረሱን ተወ፤ ጉልላቶቹን ግን ቆይቶ አውርዶ በቻይና ጣራ ተካቸው። ግንቦት 2023 ዩናን፣ ናጉ የምትባል ከተማ፣ ፖሊስ ጉልላት ሊያወርድ መጥቶ ከምእመናኑ ጋር ተጋጨ። በ2024 ተራው የሻዲያን ሆነ።

ሻዲያን ላይ ትንሽ መቆም አለብኝ። የባህል አብዮቱ ሊያበቃ ሲል፣ በ1975፣ የዚህች የዩናን ከተማ ሰዎች የተዘጋ መስጊዳቸውን እንክፈት ብለው እምቢ አሉ። ጦር ተላከባቸው። መድፍ ጭምር። በዙሪያው ካሉ መንደሮች ጋር የሞቱት ከ1,600 በላይ እንደሆኑ ነው የሚነገረው። በ1979 መንግሥት ስህተት ነበር ብሎ ስማቸውን አደሰ፤ የሟቾች መታሰቢያም ቆመ። በኋላ የተሠራው ትልቁ መስጊድ ያን ሐዘን የተሸከመ ሕንጻ ነበር፤ አረንጓዴ ጉልላት፣ ረጃጅም ሚናራዎች፣ አሥር ሺህ ሰው የሚይዝ። ጨረቃዋ ወርዳለች አሁን። ሚናራዎቹም አጥረው የቻይና ማማ መስለዋል።

ፍትሕ ለማንም አይነፈግምና የመንግሥትን ክርክር እናዳምጠው። «ጉልላት የሁይ ባህል አይደለም፤ ከሳዑዲ ገንዘብና ከሐጅ ተመላሾች ጋር የመጣ ፋሽን ነው» ይላል። ግማሽ እውነት አለው። የሺያንን ጥንታዊ መስጊድ ያየ ሰው ቤተ መቅደስ መስሎት ሊያልፍ ይችላል፤ ግቢ በግቢ፣ የእንጨት ጣራ፣ ቻይንኛና ዓረብኛ የተቀረጸበት ድንጋይ። ጉልላት የለውም። የቤጂንጉ ኒዩጂዬ መስጊድም እንዲሁ። አብዛኞቹ ጉልላቶች ከ1980ዎቹ ወዲህ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ጣራ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ትከሻዬን ነቅንቄ አልፍ ነበር።

ጣራ ብቻ አይደለም። በጋንሱ፣ «ትንሿ መካ» በምትባለው ሊንሺያ፣ ልጆች መስጊድ ገብተው እንዳይማሩ ተከልክለዋል። ኒንግሺያና ጋንሱ ውስጥ መስጊዶች «ይዋሃዱ» እየተባለ ሦስቱ ወደ አንድ ይገባሉ፣ የቀሩት ይዘጋሉ ወይም ሌላ ነገር ይሆናሉ። ኢማሙ፣ እነሱ አኾንግ የሚሉት፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱን ለማግኘትና ለማደስ የፓርቲን ፖሊሲ መማር አለበት። ሺንጂያንግ የሚኖሩ ሁይዎችም ከኡይጉሮቹ ጋር ወደ ማጎሪያዎቹ እንደገቡ ከወጡት ሰዎች ተሰምቷል። ሕንጻ ቢቀየር ይሠራል። አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ፋቲሃ ያልተማረ ልጅ ግን ቋንቋ የለው፣ መሬት የለው፣ በምን ሁይ ይሆናል? ለኡይጉር ኡይጉርኛ ይቀረዋል፣ ለቲቤቱ ቲቤትኛ ይቀረዋል፤ እነሱንም እየተነጠቁ ቢሆንም። ለሁይ የሚቀረው መታወቂያው ነው።

መታወቂያውም ቢሆን አንገቱ ላይ ገመድ አለ። ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የቻይና ምሁራንና ባለሥልጣናት «ሁለተኛው ትውልድ የብሔር ፖሊሲ» በሚል ክርክር ከፍተዋል፤ ከሐሳቦቹ አንዱ ብሔርን ከመታወቂያ ላይ ማጥፋት ነው። የብሔር ግጭት የሰለቸው የእኛ አንባቢ ይኼን ሲሰማ «እሰይ» ሊል ይችላል። ከቀበሌ መታወቂያችን ላይ ብሔር ይነሳ ብለን ስንጮህ ኖረናል፤ ፋይዳ ላይ ብሔር አለመኖሩም ለብዙዎቻችን እፎይታ ነው። ቻይና ላይ ግን የሚነሳው ሰው ሁሉ እኩል ዜጋ እንዲሆን ነው ወይስ ሁሉም ሃን እንዲሆን? የሃን ልማድ «የቻይና ባህል» ተብሎ፣ የሌላው ልማድ «የውጭ ተጽዕኖ» ተብሎ በሚፈረጅበት አገር፣ ከወረቀት ላይ የተሰረዘው ብሔር የሚሄድበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቃል።

በ2019 አጋማሽ የቤጂንግ ሐላል ምግብ ቤቶች ታፔላቸው ላይ ያለውን ዓረብኛ እንዲያነሱ ታዘዙ። የውጭ ባህል ነው፣ የቻይናን ተጠቀሙ ተባሉ። አንዳንዱ ታፔላውን አወረደ፤ አንዳንዱ «ሐላል» የምትለውን የዓረብኛ ቃል በፕላስተር ሸፍኖ ሥራውን ቀጠለ። ከፕላስተሩ ጎን «ቺንግዠን» የሚሉት ሁለቱ የቻይንኛ ፊደላት እንዳሉ ናቸው። ልጁም ሊጡን ጧ እያደረገ ነው፤ ደንበኛው ገብቶ ይቀመጣል፣ አሳማ አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም።